ከዋልያ መዋያ የታየችው መብራት

ጎንደር ውስጥ ፀደንያ ተክለ ጊዮርጊስ ያላነሣችው ሙሽራ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግንቡ ሥር አቁማ፣ ቬሎውን ዘርግታ፣ ሚዜዎቹን ደርድራ፣ "እስቲ ፈገግ በሉ፣ ሰርግ ነው እኮ፣ ለቅሶ አይደለም!" ስትል ትውላለች። እንጀራዋ ነውና ምን ታድርግ! ልቧ ግን እዚያ አልነበረም። ልቧ ከኮሶዬ ሽቅብ፣ ከደባርቅም ወዲያ፣ ደጋው ላይ ነበር። ጾም ገብቶ ሰርግ ሲቆም ሌላው ፎቶ አንሺ "ሥራ ሞተ" ብሎ ሲያማርር፣ እሷ ካሜራዋን ቦርሳ ውስጥ ከትታ መናኸሪያ ትገኛለች። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ በከረመበት በዚህ ዘመን እንኳ አልተወችም። ሹፌሮቹ "ቶሎ ግቢ፣ ዝንጀሮዎቹ ጥርሳቸውን ፍቀው እየጠበቁሽ ነው" እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ! እሷ ቀን ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ከሁሉም በላይ ዋልያውን ታነሣለች፤ ሲመሽ ደግሞ ሰማዩን።

ደጋ ስትወጣ ማረፊያዋ አያ ፋንታሁን ቤት ነው። አያ ፋንታሁን ገብስ አራሽ፣ በግ አርቢ፣ ቀልድ ወዳድ ሰው ናቸው፤ የአብራካቸው ክፋይ ስለሌላቸው እሷን "ልጄ" ሲሏት ከአንጀታቸው ነው። ከቤታቸው ጓሮ ጥቂት ሲሄዱ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል ቆሟል፤ ወገቡ ላይ ሣር የበቀለበት ጠባብ እርከን አለ፣ እርከኑም ላይ ዋሻ። ቀንዳሞቹ ዋልያዎች ፀሐይ ሊሞቁ እዚያ ስለሚተኙ አገሩ "ዋልያ መዋያ" ይለዋል። ሰው አይደርስበትም። ፀደንያ የምታውቀው እንዲያ ነበር።

በኅዳር፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ካሜራዋን አፋፉ ላይ በስታንድ አቁማ ማዶ ያለውን ገደልና በላዩ ያለውን ሰማይ አነሣች። እንዲህ ያለው ፎቶ ትዕግሥት ይፈልጋል። ካሜራው ዐይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ከዋክብቱም ሲዞሩ እያንዳንዳቸው የብርሃን ክር እየሳቡ ይሄዳሉ። ብርዱ ጣቷን ቢያደነዝዘውም ያገኘችው ፎቶ ሸጋ ነበር። ጎንደር ስትመለስ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችውና ተኛች። እዚያው ላይ ቢቀር ምን ነበረበት!

አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ የአቋቋም መምህር ናቸው። ልጃቸውን ይወዷታል፤ ሥራዋን ግን አንድም ቀን አክብረውላት አያውቁም። "ከካህን ቤት ወጥታ የሰው ጥርስ ስትለቅም ትውላለች" ይላሉ፣ ያውም እሷው ባለችበት። ለቀልድ ነው እያለች ታልፈዋለች እንጂ ያማታል። በማግስቱ ግን መሪጌታ የአንድ ተማሪያቸውን ስልክ ነጥቀው እንደያዙ እያለከለኩ ቤት ገቡ።

"ፀዴ፣ ይህች ምንድን ናት?"

ጣታቸውን ከገደሉ ወገብ ላይ አሳረፉ። በጥቁሩ መካከል የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቢጫ ብርሃን አለች። ፀደንያ አላስተዋለቻትም ነበር፤ ስታነሣም ስትለጥፍም ዐይኗ ሰማዩ ላይ ብቻ ነበር።

"እንጃ አባባ። የካሜራ ችግር ትሆናለች።"

"እዚያ ሰው ይኖራል?"

"ኧረ እዚያ ማን ይኖራል! ከዋልያ በቀር ማንም አይደርስበትም።"

ምነው አፏን በቆረጠው! ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

"ሰው በማይደርስበት የምትበራ መብራት የማን ትሆናለች? የስውራን አባቶች ናት እንጂ! ከዓለም የተሰወረ ባህታዊ ለጸሎት ያበራት ናት።"

ፀደንያ ሳቅ ብላ ልትተወው ነበር። አባቷ ግን በእሑዱ ማኅበር ላይ ቆመው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "ስንቃት የኖርኩት ልጄ፣ እግዚአብሔር ምሥጢሩን በእሷ እጅ ገለጠ። ሥራዋን አላወቅሁላትም ነበር፤ እሷም ይቅር ትበለኝ" አሉ። ይህን ስትሰማ ሆዷ ባባ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። "የካሜራ ችግር ነው" ያለችውን ደግማ አላነሣችውም። ሰው አይደለች፣ ደስ አላት።

ወሬውማ ማን ይያዘው! ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዘል ሰነበተ። ያሳተመ አሳተመ፤ ከሥዕለ አድኅኖ አጠገብ የሰቀለ ሰቀለ። ያቺ ቅንጣት በቴሌግራም ላይ በቀይ ክብ ተከባ "እግዚኦ! ስውራን በስሜን ተራራ ተገለጡ" ተብሎ ተጻፈባት። የደብሩ ሰው አውቶቡስ ተኮናትሮ ከገብርኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሊሳለም ቆረጠ። ከአፋፉ ላይ ሆነው ወደ ማዶ ይሰግዳሉ፤ ባህታዊ እሱ ራሱ ካልጠራ በቀር አይቀረብምና።

አያ ፋንታሁን የደወሉት በዚህ መሐል ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው ኖሮ ነፋሱ ድምፃቸውን ይቆራርጠዋል።

"ምነው ልጄ፣ ምን በደልንሽ?"

"አያ! ምን ሆኑ?"

"ያቺ መብራት የባህታዊ አይደለችም። የአስናቀው ናት።"

ፀደንያ ክው አለች። አስናቀው የአያ ፋንታሁን የሟች ወንድማቸው ልጅ ነው። አምና በግጦሽ ወሰን ተጣልቶ፣ አብሮት ያደገውን የጎረቤት ልጅ አወቀን በዱላ መትቶት፣ አወቀ በዚያው ቀረ። የእናቱ የእማማ እናኑ የበኩር ልጅ ነበር። አስናቀው ሸሸ፤ አገር ለቆ ሄደ ተባለ። ፀደንያም ያንኑ ነበር የሰማችው።

"የትም አልሄደ" አሉ አያ ፋንታሁን። "ለሕግ እጁን እንዳይሰጥ መንገዱ ሁሉ በሟች ወገኖች ደጅ ያልፋል። እዚያ ዋሻ አስገባሁት። በሶና ቆሎ እየወሰድኩለት ከረመ። ሽማግሎቹም ሲመላለሱ እናኑ እየበረደች መጥታ ነበር፤ ለጥምቀት ይታረቃሉ ተብሎ ነበር። ቢያዝን ነው ያስቸገረን።"

ቢያዝን የአወቀ ታናሽ ነው፤ ለእናቱ የቀረላት እሱ ብቻ። የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጸጉሬን አልላጭም ብሎ ምሏል።

"እሳትማ አንድደህ እንዳትገኝ ብዬው ነበር። አንድ ቀን፣ ብርዱና ትኩሳቱ ሊገድለው ሲል አነደደ። ያችኑ ቀን አንቺ አነሣሽው። አሁን የአገሩ ጎረምሳ ሁሉ ባህታዊውን ልይ ብሎ ከአፋፉ ወደ ዋሻው በምታዘልቀዋ የፍየል መንገድ አፍ ላይ ሰፍሯል። እኔ አልገባ፣ እሱ አይወጣ። ስንቁም አልቋል።"

ፀደንያ ስልኩን ዘግታ ፎቶውን አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው! ከእሷ ገጽ ጠፋ እንጂ በአገሩ ስልክ ሁሉ ላይ አለ። ለአባቷ ልንገር ብላ እስከ በራቸው ሄዳ ተመለሰች። መሪጌታ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ጣጣው እሱ ነው። እውነቱን ከነገረቻቸው በማግስቱ ምእመኑ ፊት ቆመው "ተሳስቼ አሳሳትኋችሁ፤ ባህታዊ አይደለም" ይላሉ። ይህ ቃል ደጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ቢያዝንም ሰምቶ አያድርም። አሁን አስናቀውን ከጥይት የከለለው ያ የውሸት ቅድስና ብቻ ነበር፤ ዋሻው ውስጥ ጻድቅ አለ እስከተባለ ድረስ ማንም አይቀርብም። ስለዚህ ዝም አለች። እውነቱን ለመናገር ደግሞ አባቷ ማታ ማታ በገቡ ቁጥር "እንዴት ዋልሽ የኔ ባለ ራእይ" ሲሏት ያንን ማጣትም ፈርታ ነበር። በዚህ ራሷን ጠላችው።

ቅዳሜ ደረሰ። አውቶቡሱ በመዝሙር እየተናወጠ ደጋውን ወጣ፤ ፀደንያ ብቻ ከንፈሯ ደርቆ መስኮት ዳር ተኮራምታለች። አልሄድም ብላ ነበር፣ ግን ማን ሰምቷት! የፎቶው ባለቤት ቀርታ መንፈሳዊ ጉዞ አለ እንዴ! ረጅሙን ሌንስና ስታንዱን ተማሪዎቹ ተሸክመውላት፣ አባቷ እጇን ይዘው አፋፉ ላይ አቆሟት። ቦታው ሰው በሰው ሆኗል። የደጋው ገበሬ በጋቢው ተጠቅልሎ፣ የከተማው ሰው በነጠላው፣ ሁሉም ወደ ማዶው ገደል ዐይኑን ተክሏል። ዋልያዎቹ ግርግሩን ሸሽተው ከሄዱ ቆይተዋል። በሰው ዐይን ዋሻው ጥቁር ነጥብ ነው፤ ከዚያ በላይ አይለይም።

አያ ፋንታሁን ከሩቅ ሰላም አሏትና ፊታቸውን አዞሩ። አመድ መስለዋል። ከእሳቸው ጥቂት አለፍ ብሎ ጸጉሩ የጎፈረ፣ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ቆሟል። አጠገቡ ጥቁር ለብሰው ከል ያልፈቱ ቀጭን ሴትዮ ነበሩ። ማንም ሳይነግራት አወቀቻቸው። እማማ እናኑና ልጃቸው ቢያዝን ናቸው።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ስለ ስውራን አባቶች ማስተማር ጀመሩ። ገና ግማሽ ሳያደርሱ ቢያዝን ድምፁን ከፍ አደረገ።

"የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ባህታዊ እሳት ያነዳል?"

"ጧፍ ያበራል እንጂ። ምነው ልጄ?"

"የፎቶዋ ብርሃን ለጧፍ በዛችብኝ። አያ ፋንታሁንም በዚህ ዓመት ወደ ማዶ የጠፋ በግ ፍለጋ አብዝተዋል። በጎቻቸው ምነው እንዲህ ገደል ወደዱ?" አለና ጠመንጃውን በትከሻው አደላደለ። "ወጥቼ ልየው።"

ሰዉ "ኧረ ተው! ኧረ በማርያም!" እያለ ተንጫጫ። መሪጌታ መንገዱን ዘጉት።

"ሳይጠራህ አትቀርብም!"

"እንግዲያው በልጅዎ መሣሪያ ልየው። ዋልያን ከዚህ ሆና የምታነሣ ሰውን ታጣለች?"

መሪጌታ አመነቱ። "ጠዋት ቀምሰሃል?"

"ቀምሻለሁ።"

"በልቶ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ ጻድቅ ማየት የለም።"

በዚህ ጊዜ እማማ እናኑ ወደ ፊት መጡ። "እኔ አልቀመስኩም አባቴ። ልጄ ከሞተ ወዲህ ጾም ላይ ነኝ። ይፍቀዱልኝና እኔ ልይ። አይቼ የአወቀን ነፍስ ልለምንበት።"

ማን እምቢ ይላቸዋል! ከተማውም ገጠሩም "ይዩ፣ እሳቸው ይዩ" አለ። ቢያዝንም ራሱን ነቀነቀ። "ይሁን። እናቴ ካየች እኔ እንዳየሁ ነው። እሷ ያለችኝን አምናለሁ።"

ፀደንያ "ባትሪው አልቋል" አለች።

"አሁን ስታነሺ አልነበር እንዴ?" አሉ አባቷ፣ በየዋህነት። አይ መሪጌታ!

ስታንዱን ዘርግታ ረጅሙን ሌንስ ገጠመች። በመጀመሪያ ራሷ አየች። አስናቀው ነበር። ዋሻው አፍ ላይ ተንበርክኮ ከድንጋዩ የሚንጠባጠበውን ውሃ በምላሱ ይለቅማል። ጺሙ ጉንጩን ውጦታል፤ የአንገቱ አጥንት ተቆጥሯል። አንጀቷን በላት። ወዲያው ሌንሱን ትንሽ ገፋ አድርጋ ባዶው አለት ላይ አሳረፈችውና ለእማማ እናኑ ቦታ ለቀቀች።

እማማ እናኑ የካሜራውን ስክሪን አጎንብሰው አዩት። "ድንጋይ ነው ልጄ። ድንጋይ ብቻ ነው የማየው።"

"አላልኳችሁም?" አለ ቢያዝን። "ማንም ከሌለ ገብቼ ባይ ምን ነውር አለው?" ብሎ የፍየል መንገዷ ወዳለችበት መራመድ ጀመረ። ከጎረምሶቹም ተከትለውት የተነሡ ነበሩ። አያ ፋንታሁን ጭብጥ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ፀደንያ ብልጠቷ መዘዝ እንዳመጣ ያኔ ገባት። ባዶ ነው ማለት ግባ ማለት ነው። "ቆይ! ቆይ ወንድሜ፣ ልክ አላስተካከልኩትም ነበር!" ብላ ጮኸች። ጺም ለብሷል፣ ከስቷል፣ ጋቢ ተከናንቧል፤ የእኒህ አሮጊት ዐይን ከዚህ ሁሉ ርቀት ምን ይለያል ብላ ተስፋ አደረገች። ሌላ ምርጫም አልነበራት። ሌንሱን ወደ ዋሻው መለሰችው።

እማማ እናኑ እንደገና አጎነበሱ። መጀመሪያ ከንፈራቸው ለጸሎት ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጸሎቱ ተቋረጠ። የፀደንያን ክንድ ይዘው ነበርና ጣቶቻቸው ሥጋዋ ውስጥ ሲገቡ ተሰማት። ያንን ልጅ ከአወቀ ጋር አንድ መሶብ ዙሪያ አስቀምጠው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ሲል ትከሻው እንዴት እንደሚሰበር፣ ውሃ ሲጠጣ እንዴት ዐይኑን እንደሚጨፍን እሳቸው ካላወቁ ማን ያውቃል! ጺም ምን ሊሸፍን ኖሯል!

ቀና ብለው ፀደንያን አዩዋት። ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር።

"ታውቂ ነበር?" አሉ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

"አዎ እማማ።"

ቢያዝን ከመንገዱ አፍ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። "እማ! ምን አየሽ?"

እማማ እናኑ ዐይናቸው ከልጃቸው ፊት ወደ ጠመንጃው፣ ከጠመንጃው ወደ ልጃቸው ፊት ሄደ።

"እማ፣ ሰው አለ ወይስ የለም?"

"አለ" አሉ በመጨረሻ። "ጺማም ነው። ከስቷል። ጋቢ ለብሶ ከድንጋይ ላይ ውሃ ይልሳል።"

"ማን ነው?"

ፀደንያ ስታንዱን ጨብጣ ቆመች።

"ባህታዊ ነው" አሉ እማማ እናኑ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጮክ ብለው ደገሙት። "የእግዚአብሔር ሰው ነው ልጄ። ና ተመለስ።"

እልልታው ገደሉን አናወጠው። መሪጌታ እንባቸው በጺማቸው ላይ እየወረደ "ስገዱ! ሁላችሁም ስገዱ!" አሉ። ሕዝቡ እንዳለ መሬት ወደቀ። ቢያዝን ጥቂት አመነታና ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ሣሩ ላይ አኖረው፤ ተንበረከከም። ቆመው የቀሩት እማማ እናኑ ብቻ ነበሩ። ልጃቸው ከመሬት ቀና ብሎ አያቸው። አየ፣ ጠበቀም።

እማማ እናኑ ነጠላቸውን አጣፉ። አንድ ጉልበታቸውን አሳረፉ፣ ሁለተኛውንም፣ ከዚያም የበኩር ልጃቸውን ወደ ገደለው ሰው ፊታቸውን አድርገው ግንባራቸውን ከአፈሩ ላይ ደፉ። ሌላው ሰግዶ ሲነሣ እሳቸው አልተነሡም። ፀደንያ ልታነሣቸው ጎንበስ ስትል አፈሩ ውስጥ የሚሉትን ሰማች።

"አወቀ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ደምህን ትቼ ወንድምህን ቢያዝንን ላተርፍ ነው። ይቅር በለኝ አባቴ፣ ይቅር በለኝ።"

ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ግንባራቸው ላይ አፈር ተጣብቋል፤ ዐይናቸው ደርቋል። እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች፣ ያውም እየተንሰቀሰቀች። ሰዉ የተባረከች ልጅ እያለ ከንፈሩን መጠጠላት። ይኼኔ አባቷ ደስታቸው ፈንቅሏቸው መቋሚያቸውን እያወዛወዙ መጡ።

"ፀዴ! ምን ቆመሽ ታለቅሻለሽ? እኒህን እናት አንሺያቸው እንጂ! ይህ እምነት ለትውልድ ይቅር! ከኋላቸው ዋሻው እንዲታይ አድርጊ!"

ፀደንያ ራሷን ነቀነቀች። ሌንሱን ለመክደን እጇን ዘረጋች።

እማማ እናኑ ያዟት። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዞሩ።

"አንሺ" አሏት በሹክሹክታ። "ቢያዝን እያየን ነው።"

ፀደንያ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አነሣቻቸው።